የጣና ጀልባና የአባቴ ሙያ

እዚህ አገር ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲጥል በዜናው መጨረሻ ላይ የኪነረት ከፍታ ይነገራል። ስንት ሳንቲ ሜትር ጨመረ፣ ለላይኛው ቀይ መስመር ስንት ቀረው ይባላል። ገዴራ ባለው ቤታችን ይህን ዜና ከልቡ የሚያዳምጥ ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ዜናው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ "የጣናስ? የጣና ስንት ደረሰ?" አሉኝ።

የሦስተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪ ነኝ። ስለ ሐይቅ የተማርኩት ነገር አልነበረም። በዚያው ሳምንት ግን በማኅበረሰብ ሥራ ትምህርት "አገልግሎት ለማን ይደርሳል፣ ለማንስ አይደርስም" በሚል ጉዳይ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዝዘን ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ስለ አውቶቡስ መስመርና ስለ ኩፓት ሆሊም ጻፉ። እኔ በአባቴ ጥያቄ ተነስቼ ስለ ጣና መንገደኛ ጀልባ ጻፍኩ። ያን ጊዜ በዕብራይስጥ ያቀረብኩትን ነው አሁን በአማርኛ የማካፍላችሁ። ቢቻል ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት። በተለይ ቤተሰቦቻችሁ ከደምቢያና ከጎርጎራ አካባቢ የመጡ ከሆነ፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በእኛ ማኅበረሰብ መርከብ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ባት ጋሊምን ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወገኖቻችንን ከሱዳን የባሕር ዳርቻ ጭኖ ያወጣውን የባሕር ኃይል መርከብ። ያ ታሪክ ተጽፏል፣ ፊልምም ተሠርቶበታል። የእኔ ጽሑፍ ስለ ሌላ ዓይነት ጀልባ ነው። ማንንም በሌሊት አላዳነም፤ በየሳምንቱ ሰውና ጤፍ ጭኖ ይሄድ፣ ጨውና ቆርቆሮ ጭኖ ይመለስ ነበር።

እዚህ ተወልደን ላደግን ልጆች ጀልባ ማለት የትምህርት ቤት ቲዩል ነው። ጥብርያ ላይ ትሳፈራለህ፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ትንሽ ዞረህ ትወርዳለህ። ጣና እንደዚያ አይደለም። የኪነረት ስፋት 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ 18 ኪነረት ይወጣዋል። ርዝመቱ ወደ 84፣ ወርዱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ግን የሚያስገርም ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ትልቁ መንገደኛ ጀልባ ለብዙ ዓመታት የሚሄድበት መስመር ከባሕር ዳር ተነስቶ ጎርጎራ ያበቃ ነበር። እሑድ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ (እዚህ ሰባት ሰዓት የምንለው ነው) ከባሕር ዳር ይነሳል። ዘጌን ይነካል፣ ከዚያ ወደ ደቅ ደሴት ይሻገራል፣ ሲመሽ በምዕራቡ ዳርቻ ቁንዝላ ላይ ያድራል። በማግስቱ በደልጊ በኩል አድርጎ ሰኞ ጎርጎራ ይገባል። ሐሙስ ጧት ከጎርጎራ ተነስቶ በመጣበት ይመለሳል፣ ዓርብ ባሕር ዳር ይደርሳል። ጎርጎራ ላይ ያለውን ወደብ የሠሩት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነበር፤ ሲሄዱ ወደቡ ቀረ።

አንድ ቀን ተኩል ማለት ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ታዲያ ማን በጀልባ ይሄዳል? ክፍል ውስጥም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። መልሱ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ሰው አይደለም፤ ያ ሰው አውቶቡስ አለው። ጀልባው የሚሠራው በመሀል ላሉት ነው። የደቅ ሰው መንገድ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም፤ ዙሪያው ውኃ ነው። በምዕራቡ ዳርቻ ያሉትም ጥሩ መንገድ ሳያገኙ ረጅም ዘመን ኖረዋል። ለእነሱ ጀልባው አውቶቡስ ነበር፣ የሱቅ ዕቃ መኪና ነበር፣ ደብዳቤ ነበር፣ በሽተኛ ሲኖር አምቡላንስ ነበር። የእሑዱ ካመለጠህ የሚቀጥለውን እሑድ ትጠብቅ ነበር። አገልግሎትን በተሳፋሪ ብዛት ብቻ ከለካነው ይህ መስመር ከንቱ ይመስላል። ሌላ አማራጭ በሌለው ሰው ከለካነው ግን መልሱ ይለወጣል።

አባቴ የሐሙሱን ጉዞ ሲያነሱ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ይህ በየትኛውም የጉዞ መጽሐፍ አይገኝም። ከእኛ ሰዎች ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሲኖር ዓርብ ሰንበት ሳይገባ መድረስ ነበረበት። "ነፋስ ተነስቶ ጀልባው ከዘገየ ጭንቅ ነበር። ካፒቴኑ ሰዓቱን ያያል፣ እኛ ፀሐይዋን እናያለን" አሉኝ።

ነፋሱ ቀልድ አልነበረም። ጣና ጧት ጧት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባውን አንስቶ ቀስ ብሎ አያወርደውም፣ ቶሎ ቶሎ ይመታዋል። ጀልባ በማለዳ የሚነሳው ለዚህ ነው። ውኃው በሚያንስበት ማረፊያ ደግሞ ትልቁ ጀልባ ዳር ድረስ አይጠጋም ነበር። ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ታንኳ ወጥቶ ሰውና ዕቃ ይቀበላል። አሮጊትም፣ ፍየልም፣ የዘይት ጀሪካንም ከጀልባ ወደ ታንኳ ይወርዳሉ።

ስለ ታንኳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ታስሮ፣ ጠብቆ፣ ጫፉ ወደ ላይ ተቀልብሶ። ውኃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በዚህ ሙያ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው፤ እንደ እኛ አያቶች ሁሉ በእጅ ሥራቸው የሚፈለጉ፣ በእጅ ሥራቸውም የተናቁ ሰዎች። በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሳ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ጀልባዋን የሠሩለት የቻድ ሐይቅ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ፈረሰች፤ በሚቀጥለው ዓመት በቦሊቪያ ሰዎች የተሠራችው ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ደረሰች።

ወደ አባቴ ልመለስ። በደርግ ዘመን፣ ወጣት ሳሉ፣ ሰኞና ሐሙስ ጎርጎራ ወደብ ላይ ጭነት ይጭኑና ያወርዱ ነበር። ይህን እኔ የሰማሁት ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ነው። ሃያ አምስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አልጠየቅኳቸውም። ከደምቢያ ጤፍ፣ ሽምብራና ኑግ ይወጣል፤ ከባሕር ዳር ጨው፣ ስኳር፣ ነጭ ጋዝ፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም የዘጌ ቡና ይመጣል። መጀመሪያ ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ። በኋላ ግን ጆንያው የት እንደሚቀመጥ የሚናገሩት እሳቸው ሆኑ። "ይህ ወደ ታች፣ ይህ ወደ መሀል፣ ቆርቆሮው በዚያ ጎን ከሆነ ጨው በዚህ ጎን።" ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ጀልባ እንደ አህያ ነው። ጭነቱ ካዘነበለ የሚወድቀው ጭነቱ ብቻ አይደለም፣ አህያዋም ትወድቃለች" አሉኝ።

ከዚያ ከወጥ ቤት ትልቁን ትሪ አምጥተው ውኃ ጨመሩበትና፣ "እስቲ ያዢና ሂጂ" አሉኝ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ውኃው ወደ አንድ ጎን ሮጠ፣ ትሪውን ይዞት ሄደ፣ ምንጣፉ ራሰ፣ እናቴ ተቆጡ። ያንኑ ውኃ በብርጭቆዎች ከፋፍለው ትሪው ላይ ሲያስቀምጡት ግን ያለ ምንም ችግር ተሸከምኩት። በኋላ ስለ መርከብ ሳነብ መሐንዲሶች የሚያስተምሩት ይህንኑ ሆኖ አገኘሁት። ሰፊና ግድግዳ የሌለው ወለል ላይ የገባ ውኃ መርከቡ ትንሽ ሲያዘነብል ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጣል፤ ክብደቱም መርከቡን የበለጠ ያዘነብለዋል።

መኪና የሚጭን ጀልባ ይህ አደጋ ይበልጥ ያሰጋዋል። መኪኖቹ በአንድ በኩል ገብተው በሌላው እንዲወጡ ወለሉ ከፊት እስከ ኋላ ክፍት ነው፤ ልክ እንደ ትሪው። በመጋቢት 1987 ቤልጂየም ውስጥ ዜብሩገ ከተባለው ወደብ የወጣ የእንግሊዝ የመኪናና የመንገደኛ መርከብ የፊት በሩ ሳይዘጋ ነበር የተነሳው። ውኃው መኪና ወለሉ ላይ ገባና መርከቡ በደቂቃዎች ውስጥ በጎኑ ተገለበጠ፤ 193 ሰዎች ሞቱ። በሩን መዝጋት የነበረበት ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ነው። መርማሪዎቹ ግን ወደ ላይ ወጡ። ካፒቴኑ በሩ መዘጋቱን ከቆመበት ሆኖ የሚያውቅበት መብራት እንኳ አልነበረውም፤ መብራት ይደረግልን ብለው የጠየቁ ካፒቴኖች ሰሚ አላገኙም ነበር። ጥፋቱ ከላይ እስከ ታች የድርጅቱ ሆነ። ይህን ክፍል ለአስተማሪዬ ሳቀርብ አንድ ሰው "አልተባበረም" ተብሎ ፋይሉ ላይ ሲጻፍ እኛም ወደ ላይ እንወጣለን ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከጣና ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። በመስከረም 2018 ታንዛኒያ ውስጥ ኔሬሬ የተባለች ጀልባ ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች፤ 228 ሰዎች ሞቱ። የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር። የደሴት ሰው ለምን በተጨናነቀ ጀልባ ይሳፈራል ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ሌላ ጀልባ መቼ እንደሚመጣ ብንጠይቅ ግን ወቀሳው አፋችን ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ። የጣና ስንት ደረሰ?

ኪነረት ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ቁጥሩ በመቀነስ ምልክት ይነገራል። የላይኛው ቀይ መስመር 208.8 ሜትር ከባሕር ወለል በታች ነው፣ የታችኛው 213። ጣና በተቃራኒው 1786 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ነው፤ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ኪነረት ዮርዳኖስ በሚወጣበት በደጋንያ ከ1932 ጀምሮ ግድብ እንዳለው ሁሉ ጣናም ዓባይ በሚወጣበት ቦታ ጨራጨራ የሚባል ግድብ አለው። በ1996 በሁለት በሮች ተሠራ፣ በ2001 አምስት ተጨመሩበት። ሥራው ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ውኃ ማስተካከል ነው። ግድቡ የሐይቁን ከፍታ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል እንዲቆጣጠር ነው የታቀደው።

ጀልባዎቹ ደግሞ የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ከ1785 ሜትር በታች ሲወርድ ትልልቆቹ መሥራት አይችሉም፤ ሆዳቸው መሬት ይነካል።

ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩአቸው። ግድቡ እስከ 1784 ድረስ ውኃ መልቀቅ ይችላል። ጀልባው 1785 ላይ ይቆማል። በመካከል አንድ ሜትር አለ። እዚያ አንድ ሜትር ውስጥ ለኤሌክትሪኩ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ የደቅ ሰው ግን መንገድ የለውም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም። በ2003 ዝናቡ አነሰ፣ አገሪቱ የመብራት እጥረት ነበረባት፣ ውኃው ለተርባይኖቹ ተለቀቀ። ሐይቁ እስከዚያ ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ፤ የጀልባ ጉዞ ለአራት ወር ያህል ቆመ። ብዙ ደንገል ደረቀ፣ የዓሣ ምርት ቀነሰ፣ ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ ገበሬ እርሻ አወጣ። መብራት የፈለገው የከተማ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ሆስፒታልም በመብራት ነው የሚሠራው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው፤ መስመሩ 1784 ላይ ሲሰመር 1785ን የሚያውቁት ሰዎች፣ ካፒቴኑ፣ መካኒኩ፣ ጫኙ፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ የት ነበሩ? አባቴ ይህን ስነግራቸው አልተገረሙም። "በበጋ ጀልባው የት እንደሚነካ ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር" አሉኝ።

በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ውኃውን የሚወስደው ጀልባው ያድርበት በነበረው በቁንዝላ በኩል ነው። ከ2011 ወዲህ እምቦጭም መጣ፤ መጀመሪያ የታየው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ በኩል ጭምር ነው። ምንጣፍ ሆኖ ውኃውን ይሸፍናል፣ የጀልባ ሞተር ላይ ይጠመጠማል፤ ሕዝቡ በእጁ ሲነቅል ከርሟል፣ እሱም ተመልሶ ይበቅላል። ወንዞቹም፣ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ፣ ከዝናቡ ጋር አፈር ይዘው ይገባሉ። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው ያልኳችሁን አስታውሱ።

በ2025 ጣናነሽ 2 የተባለ፣ መንገደኛና መኪና የሚጭን ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ፣ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ጀመረ። ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም፤ መርከብ በአስፋልት ላይ ሲሄድ! የቂርያት መላኺ አክስቴ ለቤተሰቡ ግሩፕ ሦስት ጊዜ ላከችው። ሁላችንም ትልቅነቱን ስናደንቅ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ከታች በኩል ያለውን ሆዱን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ፣ "ስንት ይጠልቃል?" አሉ። ቀጥለውም፣ "መኪና በምን ይገባል?" ጆንያ ሰው በትከሻው ይዞ በሳንቃ ላይ ይወጣል፤ ውኃው ቢወርድም ቢወጣም ሳንቃውን ታስተካክላለህ። መኪና ግን መወጣጫ ይፈልጋል፤ ሐይቁ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲወርድና ሲወጣ የመወጣጫውም ቁልቁለት አብሮ ይለወጣል። አባቴ ይህን ሁሉ በሁለት ጥያቄ ጨረሱት።

በ1991 ወደዚህ አገር እንደመጡ አንድ ቢሮ ውስጥ ቅጽ ተሞላላቸው። "ሙያህ ምንድን ነው?" ተባሉ። ዝም አሉ፤ ወደብ ላይ የሚሠሩትን ሥራ ማንም "ሙያ" ብሎ ጠርቶት አያውቅም ነበርና። በቅጹ ላይ "ሙያ የለውም" ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በመጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሱ ኖሩ፤ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ግን ሌላ ሰው ነበር የሚናገረው።

በተግባር ልምምዴ አሁን እኔም ቅጽ እሞላለሁ። ያቭኔ ውስጥ ከአንድ አባት ጋር ስቀመጥ "ሙያዎ ምንድን ነው?" የሚለውን ጥያቄ ትቼ "ሰኞ ጧት ተነስተው ምን ይሠሩ ነበር?" ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ቅጹ ላይ ለመልሱ ያለችው ቦታ አንድ መስመር ናት፤ ከጀርባው እጽፋለሁ። ሞክሩት፣ ጊዜ ይወስዳል።

ባለፈው ወር አባቴ ለአንድ የጡረተኞች ክበብ ሲመዘገቡ ቅጹን የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። ሙያ በሚለው ቦታ "በጎርጎራ ወደብ የጀልባ ጭነት ሚዛን ኃላፊ" ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ትንሽ አሰቡ።

"ሰኞና ሐሙስ ብለሽ ጨምሪ" አሉኝ። "ሌላ ቀን ጀልባ አልነበረም።"